ራሱን የሚሞላው የቅሬ ባትሪ

እስኪ ፍረዱኝ። አንድ ሰው መጥቶ «እባካችሁ ምንም አታድርጉልኝ» ብሎ ቢለምናችሁ ያቅታችኋል? እኔ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። አንድ ባትሪ አንድ ጥግ ይቀመጥ፤ ማንም አይንካው፤ ይረፍ። ከሰው ልጅ የሚጠየቅ ከዚህ ያነሰ ነገር ካለ ንገሩኝ። ከዚያ ወዲያ የደረሰብኝን ግን ለጠላቴም አይስጠው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምማረው ኤሌክትሮኬሚስትሪ ነው፤ ከኤሌክትሮኬሚስትሪም እጅ የማያቆሽሸውን። ባትሪ ሆድ ውስጥ አሲዱና እርሳሱ ሲገናኙ የሚሆነውን በሒሳብ እጽፋለሁ፣ ኮምፒውተሩ እኩልታውን ይፈታዋል፣ በመጨረሻ አንድ ግራፍ ይወጣል። ግራፉ ከእውነተኛ ባትሪ ጋር ከገጠመ ባትሪው መቼ እንደሚደክም ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ሙያዬ ይኸው ነው። ለእናቴ በአማርኛ ማስረዳት ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ለሰው ስታወራ «ልጄ ባትሪ ያክማል» ትላለች። «አላክምም እማዬ፣ ስለ ባትሪ ነው የማስበው» ስላት ቅር ይላታል። እውነቷን ነው፤ ልጄ ሲያስብ ይውላል ብላ እንዴት ለጎረቤት ታውራ?

ጣጣው ደግሞ ትምህርቱን ሳልጨርስ የመካነ ሰላም ሰው «ዶክተር» ማለት መጀመሩ ነው። ገበያ ስወጣ ዶክተር፣ ሚኒባስ ስሳፈር ዶክተር፣ ጸጉሬን ስቆረጥ ዶክተር። እናቴም የዶክተር እናት ተብላ በየልቅሶው ከፊት ወንበር ይለቀቅላታል። እኔ ግን ዶክተር አልነበርኩም። ዩኒቨርሲቲው የመጨረሻውን ማራዘሚያ ሰጥቶኝ፣ ክረምት ሳይገባ ጽሑፌን ካላስረከብኩ ከትምህርቱም ከመምህርነቱም እንደምሰናበት ቁርጡን ነግሮኛል። የቀረኝ ምዕራፍ አራት ብቻ ነበር። ምዕራፍ አራት ካልተገኘ እናቴን ከዚያ ወንበር እኔ ራሴ ላስነሳት ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነበር።

አማካሪዬ አዲስ አበባ ያሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። መጽሐፍ የሚያህል ነገር ልኬላቸው «ይታያል» ብለው ይመልሳሉ። መንገድ ላይ ብንገናኝ መልኬን የሚለዩት አይመስለኝም ነበር። አገሬ ገብቼ ልጻፍ ስላቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ሞዴልህ ቆንጆ ነው፤ ባትሪ ግን አይቶ አያውቅም። አንድ እውነተኛ ባትሪ በደንብ ሞልተህ አስቀምጥ። ምንም አትሰካበት። ሲያርፍ ቮልቴጁ እንዴት እንደሚወርድ መዝግብና ከእኩልታህ ጋር አስተያየው።» ሮጦ የመጣ ሰው ቁጭ ሲል ትንፋሹ ቀስ እያለ እንደሚረጋ ማለት ነው። ቮልቴጅና ሙቀት የሚመዘግብ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል መሣሪያም ሰጡኝ። ያን መሣሪያ እስከ መካነ ሰላም ደረቴ ላይ አቅፌው መጣሁ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንጀት ቦታውን ለቅቆ ሌላ ቦታ ይሰፍራል። መሣሪያው ግን አንዲት ጭረት አልነካችውም።

ባትሪ ከየት ይምጣ? ከቅሬ። ቅሬ ማለት እናንተ እድር የምትሉት ነው። የሰፈራችን ቅሬ ለልቅሶ ድንኳን መብራትና ለድምፅ ማጉያ ብሎ የገዛው ትልቅ የሶላር ባትሪ አለው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ከሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ይውላል፤ ቁልፉን የዕቃ ቤቱ ጎረቤት እትዬ ሀዋ ይይዛሉ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር ናቸው። ዳኛ ስላቸው የሚቆጡ እንዳይመስሏችሁ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሰው ሲያናግሩ ትከሻውን ደገፍ አድርገው ነው።

«ጋሽ ይመር፣ ባትሪውን ለጥቂት ሳምንት ለጥናቴ ብትፈቅዱልኝ» አልኳቸው።

«ወዴት ልትወስደው ነው?»

«የትም አልወስደውም። እዚያው ዕቃ ቤት ይቀመጥ።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ምንም። ዝም ብሎ ይረፍ።»

ጋሽ ይመር ትንሽ አሰቡ። «ታሟል እንዴ?»

«አልታመመም። እረፍቱን ነው የማጠናው።»

«ሥራ ሳይሠራ ከምን ነው የሚያርፈው ልጄ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው፤ መልሱን ጀመርኩላቸው። ስለ አሲዱ ነገርኳቸው፣ ስለ እርሳሱ ነገርኳቸው፣ ወደ እኩልታው ልገባ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። «አብሽር፣ አይዞህ፣ ይረፋ። እኛ ምን ከለከልን? ልቅሶ ቢመጣ እንኳ በፋኖስ እንወጣዋለን» አሉ። ባትሪውን ሞላሁት፣ መሣሪያዋን ገጠምኩበት፣ ማንም እንዳይነካው ለሁሉም ተናገርኩ። ሰው ሁሉ እሺ አለኝ። እሺ ማለት የማይሰለቸው ሰፈር ነው።

ሰኞ ሰኞ እየሄድኩ የተመዘገበውን ወደ ላፕቶፔ እገለብጥ ነበር። መጀመሪያ ሳየው ልቤ በደስታ ዘለለ። መስመሩ ቀስ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ፣ ልክ እኩልታዬ እንዳለው ይወርዳል። ይወርድ ይወርድና ድንገት ቁልቁል ይሄዳል። ከዚያ ይነሳል። ተነሥቶም መጀመሪያ ከነበረበት በላይ ይወጣል። ዓይኔን አሸሁ። ምንም ያልተሰካበት ባትሪ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ድንኳን ተደግፎ፣ ራሱን ሞላ። ሙቀቱም ከፍ ይላል። በመካነ ሰላም ብርድ፣ ጭለማ ክፍል ውስጥ ያለ ባትሪ ማን ሙቅ አጠጣው?

ወደ እትዬ ሀዋ ሮጥኩ። «እትዬ ሀዋ፣ ባትሪውን የነካው ሰው አለ?»

«ኧረ በምን እጁ! እንደ ዓይናችን ነው የያዝንልህ። ወላሂ፣ ለቤቱ የወሰደ አንድም ሰው የለም» አሉኝ።

ሃይማኖተኛ ሴት ናቸው፤ ወላሂ ካሉ አለቀ። ስለዚህ ሰውን ትቼ ተፈጥሮን መጠርጠር ጀመርኩ። የተማረ ሰው ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል። እኩልታዬ ላይ ለሙቀቱ አንድ ነገር ጨመርኩ። ለድንገተኛው መውረድ ሌላ ጨመርኩ። ለመነሣቱ አንድ በዓለም ላይ ያልታወቀ የኬሚካል ሂደት ፈጠርኩና እሱንም ጨመርኩ። ሳምንት አልፎ አዲስ ጉብታ ሲመጣ ለአዲሱ ጉብታ አዲስ ቁጥር እሰጣለሁ። አጭርና ጨዋ የነበረው እኩልታ ገጹ አልበቃው ብሎ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተሻገረ። የሒሳብ ሰዎች የምታውቁት ነገር ነው፤ የፈለጉትን ያህል ቁጥር መጨመር የተፈቀደለት ሰው የአህያ ጀርባም ቢሆን በእኩልታ ይጽፋል። እኔም የአህያ ጀርባ እየጻፍኩ ግራፉ ገጠመልኝ ብዬ ብቻዬን እስቃለሁ።

ለአማካሪዬ ላክሁላቸው። «ይታያል» የሚሉት ሰውዬ በማግስቱ ደወሉ። ደውለውልኝ አያውቁም ነበር።

«ምንም አልተሰካበትም?»

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሰፈሩ በሙሉ ምሎልኛል።»

ከዚያ ወዲያ ያ ቁጥብ ሰው ቁጥብነታቸው ጠፋ። ጠዋት ይደውላሉ፣ ከሰዓት ይደውላሉ። ሳምንታት ሲጠራቀሙ ጉብታዎቹን በኮምፒውተር ስመረምራቸው ሌላ ጉድ ወጣ፤ በየሰባት ቀኑ ይደጋገማሉ። በሰባት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ አነስ ያለ፣ ሁለተኛው ከፍ ያለ። አማካሪዬ «ሰባት ቀን? ኬሚስትሪ ሳምንት ያውቃል እንዴ?» አሉኝ። እኔም ሳላፍር «ከፍታው ይሆናል ዶክተር፤ አገራችን ደጋ ነው» አልኳቸው። እናንተ እዚህ ስትደርሱ ነገሩ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ስለጨረስኩ አልገባኝም።

እኩልታው ቀጣዩ ክስተት ዓርብ እኩለ ቀን ገደማ እንደሚሆን ተነበየ። ይህን በዓይኔ አየዋለሁ ብዬ ላፕቶፔን አንግቼ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። እትዬ ሀዋ ቤት የሉም፤ የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ድንኳኑ አለ። ብረት ድስቱ አለ። ወንበሩ አለ። ባትሪው የለም።

ሌባ ነው ብዬ ወጥቼ ሮጥኩ። ከመስጊዱ የጁምዓው ስብከት፣ የኹጥባው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሰፈራችን ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ጀምሮ መብራት የሚያገኘው ሌሊት ሌሊት በፈረቃ ነው፤ ቀን የሚባል ነገር የለም፤ የኢማሙ ድምፅ ግን ገበያው ድረስ ይደርሳል።  መንገዱ መሃል ቆሜ ምዕራፍ አራትን በድምፅ ማጉያ ሰማሁት።

ገብቼ አልጮኽ ነገር የጁምዓ ሰዓት ነው። አጥሩ ሥር ቆሜ ሶላቱ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። የሚወጣው ሁሉ «ዶክተር፣ ደህና ነህ? እናትህ ደህና ናት?» ይለኛል፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። በመጨረሻ ጋሽ ይመር ከአንድ ጎልማሳ ጋር ባትሪውን ተጋግዘው ብቅ አሉ። ባትሪው በጋቢ ተጠቅልሏል። መሣሪያዬ ከላዩ፣ ገመዶቿ እንደተገጠሙ፣ በጋቢው ጫፍ ተሸፍና ተቀምጣለች።

«ጋሽ ይመር፣ ምን አደረጋችሁኝ?»

«ውይ፣ ዶክተር! አየኸን እንዴ?» አሉ፤ አፈሩ። «እንዳይከፋህ ብለን ነው ያልነገርንህ። የመስጊዱ ባትሪ ሞቶ ጁምዓው ድምፅ አልባ ሊሆን ነው። ለቤታችን አልወሰድነው፤ ለአላህ ቤት ነው። አሁን ወፍጮ ቤት ወስደን ጀነሬተሩ ላይ ሞልተን ልናስገባልህ ነው።»

«ለምን ትሞሉታላችሁ?»

እንዲህ ያለ ነውረኛ ጥያቄ ሰምተው የማያውቁ ያህል አዩኝ። «የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ ልጄ?»

«ጋቢውስ?»

«ብርድ እንዳይመታው። ያችንም ትንሿን ኸሱ ስንለያት እንዳትጎዳ ብለን አብረን ነው የምንወስዳት።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «እሑድስ? እሑድም ይወርዳል» አልኳቸው።

«እሑድማ የቄሰ ገበዙ ተራ ነው። የቅዳሴው ማጉያ ያው በዚሁ ነው። እነሱ ደግሞ ኸኛ ላለማነስ እስኪንቀለቀል ድረስ ነው ሞልተው የሚመልሱት» አሉ፤ ቅናት ቢጤም ተሰማቸው።

ወገኖቼ፣ የእሑዱ ጉብታ ከዓርቡ ለምን እንደሚበልጥ የሚያስረዳ ሙሉ ክፍል ጽፌአለሁ። ስለ ክሪስታል መጠን ነበር የሚያወራው። ሁለቱ የእምነት ቤቶች ሞልቶ በመመለስ እየተፎካከሩ ኖሯል።  እንዳልቆጣ ለክፋት አይደለም፤ እንዳልስቅ ማስረከቢያው ደርሷል። አማካሪዬ ደግሞ ጉዳዩን ለባልደረቦቻቸው አውርተዋል፤ ራሱን የሚሞላ ባትሪ ያገኘ ተማሪ አለኝ ብለዋል። አሁን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ስልኩን አነሣለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። 

ጋሽ ይመር ይህን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። «ያጠፋነው እኛ፣ የምንነግራቸውም እኛ። ይህ የቅሬ ሥራ ነው፤ አንተ አትችለውም» አሉ። እኔም በዚያ ጭንቀት «እሺ» አልኩ። ያቺን እሺ ባልኳት ምን ነበር!

ለካ ጋሽ ይመር የሚያውቁት የክፉ ወሬ አነጋገር አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በማግስቱ ማልደው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቄሰ ገበዙንና ሌሎች ሽማግሌዎችን አስከትለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃችን ቆሙ። እናቴ በር ከፍታ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰልፎ ስታይ «ማን ሞተብኝ?» ብላ እዚያው ቁጭ አለች። የለም፣ ላንቺ አይደለም፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው ብለው አረጋጓት። ስልኬን ተቀበሉኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አስደረጉኝ፣ ተደወለ።

«ጤና ይስጥልን ዶክተር። እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?» አሉ ጋሽ ይመር በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው።

«ከብት የለኝም። ማን ልበል?» አሉ አማካሪዬ።

«ይመር እባላለሁ። ከመካነ ሰላም ነው፤ የተማሪዎ ሰፈር የቅሬ ዳኛ ነኝ።»

«የምን ዳኛ?»

ቄሰ ገበዙ ጠጋ ብለው «የእድር ማለታቸው ነው» አሉ። ጋሽ ይመር ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ዶክተር፣ ቁጭ ብለዋል? አጠገብዎ ሰውስ አለ?»

«ባለቤቴ አለች። ምን ተፈጠረ?»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝና «ጋሽ ይመር፣ እንዲህ አይባልም፣ ስልኩን ስጡኝ» ብዬ ብድግ አልኩ። ብድግ ማለቴ ባሰብኝ። መርዶ ሲነገር የሚንፈራገጥ ሰው መያዝ የዕድሜ ልክ ልምዳቸው ነው። አንዱ ከኋላ በሁለት እጁ አቀፈኝ፣ ሌላው ፊቴን ደረቱ ላይ ለጥፎ «አይዞህ፣ ቻለው፣ ወንድ አይደለህ?» ይለኛል። ስናገር የሚሰማው ጋቢው ብቻ ነው።

«እንግዲህ ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» ቀጠሉ ጋሽ ይመር። «ሰጪውም ነሺውም እሱ ነው። ብዙ የደከሙበት፣ ብዙ ተስፋ የጣሉበት ነበር። ዓርብ ዕለት እንዳልሆነ ሆነ። ጥፋቱ የኛ ነው፤ አደራውን ሰጥታችሁን በደንብ አልጠበቅንላችሁም።»

ቄሰ ገበዙ ደግሞ ከልማድ የተነሣ «ነፍስ ይማር» አሉ።

ስልኩ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ተሰማ። አማካሪዬ ነበሩ። «እኔ ነኝ ያስጨነቅኩት» አሉ፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ጠዋት ማታ ስደውል እረፍት ነሣሁት። ጎበዝ ልጅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ነህ አላልኩትም።» እናቴ ይህን ሰምታ ማልቀስ ጀመረች። የያዙኝ ሰዎችም ሳግ ይዟቸው እጃቸው ላላ። እኔ ራሴ ለራሴ እንባዬ መጣ። መልኬን አያውቁትም የምለው ሰው እንዲህ ይወዱኝ ኖሯል። ደስ ብሎኝ፣ አፍሬ፣ ተናድጄ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሆነብኝና ራሴን ነጥቄ ስልኩ ላይ ወደቅኩ።

«ዶክተር፣ አለሁ! እኔ ነኝ!»

«ማነህ?»

«ተማሪዎ ነኝ።»

«አለህ?»

«አለሁ።»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ታዲያ ማነው የሞተው?»

«ምዕራፍ አራት» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጁምዓውን፣ ቅዳሴውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ጋቢውን። ከሥር ከሥር ጋሽ ይመር «ባዶውን አልመለስንም» እያሉ ይመሰክራሉ። ስጨርስ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ድምፅ መጣ። ከዚያ ያው የጥንቱ ቁጥብ ሰውዬ ተመለሱ። «ሞተህ ቢሆን ማራዘሚያውን እኔ ራሴ አስፈቅድልህ ነበር። ስላለህ ግን ቀኑ ያው ነው» አሉኝ። «አሁን ስማኝ። የጨመርካቸውን ሁሉ ቁረጥ። የመጀመሪያውን እኩልታ አውጣ። ባትሪው መቼ ወጣ፣ ምን ያህል ሠራ፣ መቼ ተሞላ፣ ይህን አስገባበት። ሞዴልህ ደህና ከሆነ እረፍቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ማወቅ አለበት። ግን ያልታወቀች አንዲት ጉብታ ብትቀር አልፈርምበትም።»

ሽማግሌዎቹን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሰብስቤ ሰዓት ጠየቅኳቸው። ኹጥባው ስንት ሰዓት ይወስዳል? ስብከቱስ? ጋሽ ይመርና ቄሰ ገበዙ ማን የበለጠ ሞልቶ እንደመለሰ ሲከራከሩ ገላገልኳቸው። የሰጡኝን ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት። ያ አጭሩ፣ ጨዋው እኩልታ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ መስመሩን ተከትሎ ወረደ፣ ተከትሎ ወጣ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የሠራሁት ነገር ከጅምሩ ትክክል ነበር፤ ውሸታሙ የጨመርኩበት ነበር።

አንዲት ማክሰኞ ግን አልገጠም አለች። ቀደም ብዬ የመለኪያ ስህተት ብዬ ያለፍኳት ጉብታ ናት። ማክሰኞ ጁምዓ የለ፣ ቅዳሴ የለ፣ ልቅሶም አልነበረም። መስመሩም እንደ ሌሎቹ የሚንቀጠቀጥ አይደለም፤ ከሰዓቱን ሙሉ ቀጥ ብሎ፣ ሳያርፍ የሚጠጣ ነገር ነው። ስብከት እንዲህ አይጠጣም።

ሰፈሩን አመስኩት። ጋሽ ይመር የሉበትም። ቄሰ ገበዙ ማሉልኝ። የወፍጮ ቤቱ ሰው በዕለቱ ተሞልቶ እንደተመለሰ ያስታውሳል፤ ያመጡት ግን ሁለት ጎረምሶች ናቸው፣ የማን እንደሆኑ አላየም። እትዬ ሀዋን ስጠይቃቸው መጥረጊያቸውን አነሥተው የጠረጉትን ደጅ እንደገና መጥረግ ጀመሩ። ማስረከቢያው ቀርቧል፣ ደመናው በየአቅጣጫው መሰብሰብ ጀምሯል፣ እኔ በአንዲት ማክሰኞ ልሰናበት ነው። ሰው ፊት እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። «እንግዲህ ያ ጨካኝ ማን እንደሆነ ይውጣ» ብዬ በየደጁ ተናገርኩ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፔን አልጋ ላይ ወረወርኩት። እናቴ ሽሮ እየነፋች ነበር። «ምን ሆነህ ነው ሰፈሩን የምታስቀይመው?» አለችኝ።

«ማክሰኞ ዕለት ባትሪውን የወሰደው ሰው ጠፋ። አንድ ሰው ነው ምዕራፌን ያበላሸው።»

ወንፊቷን አቆመች። «በየትኛው ማክሰኞ?»

ነገርኳት።

«እኔ ነኛ» አለች።

«አንቺ?»

«ያን ቀን ሌሊቱን መብራት ሳይመጣ አድሮ ኮምፒውተሬ ሊዘጋብኝ ነው፣ አለቀልኝ እያልክ ስትብሰለሰል አንጀቴን በላኸኝ። ሀዋን ለምኜ፣ ሁለት ጎረምሳ አሸክሜ ባትሪውን ኮምፒውተር ከሚሰካበት ከኢንቨርተሩ ጋር አስመጣሁት። ሐሳብህን እንዳልሰርቅብህ ከበሩ ውጭ አስቀመጥኩና ገመዱን ብቻ በበሩ ሥር አሾለኩልህ። ቀና ብለህ እንኳ አላየህም፤ ሰክተህ ቀጠልክ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት የጻፍኩትን ፈለግኩ። ያ በዓለም ላይ ያልታወቀው የኬሚካል ሂደት፣ ባትሪው በእረፍት ላይ ሳለ ራሱን የሚሞላበት፣ የተጻፈው በዚያ ሰዓት ነው። ባትሪው ስለማረፉ የሚናገረውን እኩልታ ሳሰላ የዋልኩት ባትሪውን ራሱን እየጠጣሁ ነበር። ላፕቶፔ የሚወስደውን ኃይል ለሞዴሉ ሰጠሁት። ግራፉ ማክሰኞዋ ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ።

እናቴ አጠገቤ ቆማ «ከፋህ?» አለችኝ። አልከፋኝም አልኳት፤ ውሸቴን አልነበረም። ስልኬን አነሣሁና ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«ማክሰኞዋ ታወቀች ዶክተር።»

«ማን ኖሯል?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው።

በስልኩ ውስጥ ብዕር ሲፈልጉ ተሰማኝ። 

«እሱንም ምዕራፉ ውስጥ ጻፈው» አሉኝ። «እንግዲህ ማንም አልቀረም። ላክልኝና ልፈርምበት።»